ስለ ሴቶች የሕግ ዐዋቂዎች ማኅበር

በሀገራችን ከጥንት ጀምሮ «በሕግ አምላክ!» ከተባለ እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል ይባላል። ነገር ግን ይህን ቃል ለመናገር አንደበት ያስፈልጋል። በደል የደረሰባት ሴት የሕጉን ቃል ካላወቀች፥ ለጠበቃም የምትከፍለው ገንዘብ ከሌላት፥ ሕጉ በመጽሐፍ ተጽፎ መኖሩ ምን ይረባታል?

ይህን ያስተዋሉ የአፍሪካ ሴቶች የሕግ ዐዋቂዎች ዕውቀታቸውን ለተበደሉ ሴቶችና ለሕፃናት መከታ ያደርጉት ዘንድ በየሀገራቸው በማኅበር ተባበሩ። በጋና፥ በኡጋንዳና በኬንያ እንዲህ ያሉ ማኅበሮች ቆሙ፤ በ1982 ዓ.ም. ደግሞ በሐራሬ ከተማ የየሀገሩን ደካሞች የሚያገናኝ ኅብረት ተመሠረተ። የአፍሪካ መንግሥታት በ1995 ዓ.ም. በማፑቶ ስለ ሴቶች መብት የተጻፈውን ስምምነት ሲቀበሉ የእነዚህም ድካም ፍሬ አፈራ።

በኢትዮጵያ የሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የተቋቋመው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። በዚያው ዘመን በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ ተደፈረች፤ ልታመልጥ ስትሸሽ ጠመንጃ ይዛ ነበርና ጠላፊዋ በደረሰባት ጊዜ ተኩሳ ገደለችው። በነፍስ ግድያ ስትከሰስ የማኅበሩ ጠበቆች ያለ ዋጋ ቆሙላት፤ ፍርድ ቤቱም ራስዋን ለማዳን ያደረገችው መሆኑን ተቀብሎ በነጻ አሰናበታት።

ሆኖም እርስዋ ብትድን ሕጉ ሌሎቹን አያድንም ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፥ ጠላፊው ከጠለፋት ልጅ ጋራ የጸና ጋብቻ ከፈጸመ ክሱን ያስቀርለት ነበርና። ማኅበሩ ከሌሎች ጋራ ሆኖ ሳይታክት አቤት አለ። በ1992 ዓ.ም. የቤተ ሰብ ሕግ ተሻሽሎ የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ አለ፤ በ1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕግም ጋብቻ ጠላፊን ከቅጣት እንዳያድነው ደነገገ፤ ቅጣቱንም ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት አደረገው።

እነሆ ሕጉ ወጥቷል። ጠበቆቹ ግን በየመንደሩ ሊደርሱ አይችሉም፤ አቤቱታ የሚቀበለው ሹምና ጋብቻ የሚባርከው ካህን ከእነርሱ አስቀድመው በስፍራው አሉ። ሹሙ «በሽማግሌ ጨርሱት» ብሎ ቢመልሳት፥ ካህኑም የሙሽራይቱን ዕድሜ ሳይጠይቅ ቢባርክ፥ የብዙ ዓመት ድካም ከወረቀት አያልፍም። እንግዲህ «በሕግ አምላክ» ለማለት አንደበት ላጣችው ልጅ አስቀድሞ አፍ ሊሆናት የሚገባው በአጠገብዋ ያለው ሰው ነው።