ስሙን ሁለት ጊዜ የተቀማ ቡድን

ቅዱስ ጊዮርጊስ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ዋንጫው ነው። ስንት አነሣ፣ ማንን አሸነፈ እያልን በዕረፍት ሰዓት እንከራከራለን። ስሙ ያየውን መከራ ግን ብዙዎቻችን አናውቅም።

ቡድኑን በ1928 ዓ/ም አዲስ አበባ ላይ የመሠረቱት አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የተባሉ ሁለት ጓደኛሞች ናቸው። ዓመቱ የፋሽስት ጦር አገራችንን የወረረበት ነበር። ወራሪው ከተማዋን ከያዘ በኋላ ኳስ መጫወትን ጨርሶ አልከለከለም፤ ስሙን ግን ቀማ። ቡድኑ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተባለ። ሊቶሪዮ ከፋሽስቶች ዓርማ የተወሰደ ቃል ነው። ሐበሻ ከነጭ ጋር እንዳይጋጠምም ተከለከለ።

በ1933 ዓ/ም ነጻነት ሲመለስ ስሙም ተመለሰ። በ1936 ዓ/ም የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ሲካሄድ አምስት ቡድኖች ተሰለፉ። የእንግሊዝ ወታደሮች፣ የጣሊያኖች ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖች አራራትና የግሪኮች ኦሎምፒያኮስ ነበሩ። የኢትዮጵያውያን ቡድን ጊዮርጊስ ብቻ ነበር። ዋንጫውን እንግሊዞቹ ወሰዱት። ጊዮርጊስ ግን ተስፋ ሳይቆርጥ በ1942 ዓ/ም ሻምፒዮን ሆነ።

ከተጫዋቾቹ ይድነቃቸው ተሰማን ማንሣት ግድ ነው። ቡድኑ ሲመሠረት ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ለጊዮርጊስ 23 ዓመት ተጫወቱ። በ1954 ዓ/ም የአፍሪካ ዋንጫን ስንወስድ አሠልጣኙ እሳቸው ነበሩ። በፍጻሜው ግብጽን 4 ለ 2 ስናሸንፍ የመጨረሻዋን ጎል ያገባው ደግሞ የጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ ነው። ይድነቃቸው ከ1964 እስከ 1979 ዓ/ም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው የደቡብ አፍሪካን የዘር መድልዎ አጥብቀው ታገሉ። በልጅነታቸው በገዛ አገራቸው መድልዎን ያዩ ሰው ናቸውና ይህ አያስገርምም።

በደርግ ዘመን ስሙ እንደገና ቀረ። ቡድኑ በቢራ ፋብሪካ ስም እየተጠራ በ1977፣ በ1978ና በ1979 ዓ/ም በተከታታይ ሻምፒዮን ሆነ። ደርግ በ1983 ዓ/ም ከወደቀ በኋላ የጥንት ስሙን አገኘ።

እንግዲህ ስም በትእዛዝ ይለወጣል፤ ከሰው ልብ ግን በትእዛዝ አይወጣም። እኛም ነገ በተመደብንበት ት/ቤት ቡድን ስናቋቁም ስሙን ልጆቹ ራሳቸው ያውጡት። ራሳቸው ላወጡት ስም ሲሉ ይሮጡለታል!