ጣሪያዎ ላይ ማን ይውጣ?
ለሐይቅና ለአምባሰል ቤቶች የሶላር ባለሙያ አመራረጥ

እርስዎ የሚኖሩት አዲስ አበባ ወይም ደሴ ይሆናል፤ ወላጆችዎ ደግሞ ሐይቅ ከተማ፣ ውጫሌ ወይም ከዋናው መንገድ ገባ ያለ የአምባሰል ቀበሌ። ማታ ሲደውሉ ስልካቸው ዝግ ነው። በማግሥቱ ሲያገኟቸው መልሱ ያው ነው፤ «መብራት ጠፍቶ ስልኩ ባትሪ ጨረሰ።» ስልክስ በማግሥቱ ይበራል። ፍሪጅ ውስጥ የተቀመጠ ኢንሱሊን፣ ለፈተና የሚያጠና ልጅ፣ በረመዳን ለሱሑር በጨለማ የሚነሳ ቤተሰብ ግን እስከ ማግሥቱ አይጠብቁም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ አካባቢው በዘለቀ ጊዜ አንዲት ስልክ ቻርጅ ማድረግ ምን ያህል ብርቅ ሆኖ እንደነበር የወሎ ሰው አይረሳውም።

ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ «ሶላር እናስገባ» ወደሚል ውሳኔ እየመጣ ነው። ውሳኔው መልካም ነው፤ ወጪው ግን ቀላል አይደለም። ፓነሉም፣ ባትሪውም፣ ኢንቨርተሩም ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ በብር የሚከፈለው ጨምሯል። ተሳስቶ ደግሞ መግዛት አይቻልም። አብዛኞቻችን ደግሞ ጥያቄያችንን የምንጀምረው «የትኛው ፓነል ጥሩ ነው?» ብለን ነው። መቅደም ያለበት «ማን ይግጠመው?» የሚለው ነው። ጥሩ ፓነል 25 ዓመት ሊያገለግል ይችላል፤ የገጠመው ሰው ግን በሁለተኛው ወር ስልክ ላያነሳ ይችላል።

ባለሙያ ከመጥራትዎ በፊት

አንድ ወረቀት ያዘጋጁና ቤት ውስጥ በመብራት የሚሠራውን ሁሉ ይጻፉ። የዕቃው ዋት በቀን ከሚሠራበት ሰዓት ጋር ሲባዛ የቀኑን ፍጆታ ይሰጣል። ለምሳሌ አንድ መካከለኛ ቤት እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

• 6 ባለ 9 ዋት አምፖሎች ለ5 ሰዓት፦ 270 ዋት ሰዓት
• ባለ 60 ዋት ቴሌቪዥን ለ5 ሰዓት፦ 300 ዋት ሰዓት
• ባለ 10 ዋት ዋይፋይ ለ24 ሰዓት፦ 240 ዋት ሰዓት
• ስልኮችና አንድ ላፕቶፕ፦ 150 ዋት ሰዓት
• መካከለኛ ፍሪጅ በቀን፦ 1,200 ዋት ሰዓት

ድምሩ 2,160 ዋት ሰዓት ነው። በሽቦ፣ በባትሪና በኢንቨርተር የሚባክነውን ለመሸፈን ለ0.75 ያካፍሉት፤ 2,880 ይሆናል። በበጋ ጸሐይዋ ለጋስ ናት፤ ሶላር የሚፈተነው ግን በሐምሌና በነሐሴ ነው። ስለዚህ በቀን 4 ሰዓት ሙሉ ጸሐይ ብቻ እንደሚገኝ አድርገው ያስሉ። 2,880 ለ4 ሲካፈል 720 ዋት ነው። ሁለት ባለ 400 ዋት ፓነል ይበቃል ማለት ነው።

ባትሪው የሚሰላው በሌሊት ፍጆታ ነው። ከላይ ባለው ቤት አምፖሉ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ስልኮቹ፣ የዋይፋዩና የፍሪጁ ግማሽ ሲደመሩ 1,440 ዋት ሰዓት አካባቢ ይመጣል። ከአቅሙ 80 በመቶውን ብንጠቀምበት የማይጎዳ የሊቲየም ባትሪ ከሆነ 2,000 ዋት ሰዓት ያለው ይበቃል። ተለምዷዊው የአሲድ ባትሪ ግን ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ቶሎ ስለሚያጥር ከ3,000 ዋት ሰዓት በላይ ያስፈልጋል፤ ይህም ሁለት ባለ 12 ቮልት 200 አምፔር ባትሪ ማለት ነው። የአሲዱ መነሻ ዋጋ ይቀንሳል። ነገር ግን በየቀኑ ሲሞላና ሲራገፍ የሚቆየው በመቶዎች ለሚቆጠሩ ጊዜያት ነው፤ ደህናው ሊቲየም (ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው) ደግሞ በሺዎች።

ምጣድ፣ ካውያና የውሃ ማሞቂያ በዝርዝሩ ውስጥ እንደሌሉ አስተውለዋል? የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል። «ይኼ ሶላር ምጣድም ይችላል» እያለ ባለሁለት ፓነል ዕቃ የሚያሻሽጥዎ ሰው ካጋጠመዎ ምርጫዎ ከወዲሁ ቀሎልዎታል፤ እሱን ይተዉት።

የሚያስፈልግዎ ሁለት ሦስት አምፖልና የስልክ ቻርጅ ብቻ ከሆነ ደግሞ ባለሙያ መጥራትም ላያስፈልግ ይችላል። የቬራሶል የጥራት ማረጋገጫ ያለው ተገጣጣሚ የሶላር ዕቃ ገዝቶ በራስ መግጠም ይቻላል።

ቤቱን ሳያይ ዋጋ የሚነግርዎ

ቢያንስ ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ይሰብስቡ። ሐይቅ ውስጥ የሚሠሩ ካሉ ከእነሱ ይጀምሩ፤ ከዚያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ደሴ፣ ቀጥሎም ወደ ኮምቦልቻ ይሂዱ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ባለሙያ በዋጋ ሊረክስ ይችላል። ሆኖም አንዲት ፊውዝ ብትቃጠል ስንት ቀን እንደሚያስጠብቅዎ አብረው ያስሉ።

ከዚያ በስልክ ብቻ ዋጋ የቆረጠውን ወደ ጎን ይበሉ። ቤቱን መጥቶ ያየውን ደግሞ ሲያይ ምን እንዳደረገ ይመልከቱ። ጣሪያው ላይ ወጥቷል? የባሕር ዛፉን ማገርና የቆርቆሮውን ዕድሜ ፈትሿል? አንድ ባለ 400 ዋት ፓነል ከ20 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ ብረቱ ሲጨመር ያረጀ ጣሪያ አይችለውም።

ስለ ጥላስ ጠይቋል? የአንድ ባሕር ዛፍ ጥላ የፓነሉን ጥግ ብቻ ቢነካ እንኳ በተከታታይ የተያያዙትን ፓነሎች ሁሉ ጉልበት ሊቀንስ ይችላል። ከአምባ ሥር ያለ ቤት ከሆነ ደግሞ የተራራው ጥላ ጠዋት ወይም ከሰዓት የሚወስደው ጊዜ መታየት አለበት። ደህና ባለሙያ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ድረስ ጥላ የማያገኘውን ቦታ ይፈልጋል።

አቅጣጫውንም ይጠይቁት። አካባቢው ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ11 ዲግሪ ላይ ስለሚገኝ ጸሐይ ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ በደቡብ በኩል ታልፋለች። ፓነሉ ወደ ደቡብ ዞሮ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ መጋደም አለበት። ሐይቅ ላይ ቆመው ደቡብ ማለት በግርድፉ የደሴ አቅጣጫ ነው፤ ኮምፓስ ባይኖርም አይጠፋዎትም። ጋደም ማለቱ ሌላም ጥቅም አለው፤ ዝናቡ አቧራውን አጥቦት ይወርዳል።

ማንነቱን የሚገልጡ ጥያቄዎች

«ፈቃድህን አሳየኝ» ማለት ነውር አይደለም። የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ደረሰኝ ይጠይቁ። የሚገጥመው ሰው በቴክኒክና ሙያ ሠልጥኖ የብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) ያለፈ ቢሆን ይመረጣል። ትልቅ ሥራ የሚያሠሩ ከሆነ፣ ለምሳሌ ለሆቴል ወይም ለክሊኒክ፣ ከነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የኤሌክትሪክ ሥራ የብቃት ማረጋገጫ ያለው ተቋራጭ ይፈልጉ።

ወረቀት ብቻውን ግን አይበቃም። ቢያንስ ሁለት ክረምት ያለፋቸው የሠራቸውን ቤቶች እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። ባለፈው ወር የተገጠመ ሶላር ሁሉ ያበራል፤ ነሐሴን ሁለት ጊዜ ያለፈው ነው ምስክር የሚሆነው። የቤቱን ባለቤት ለብቻ አግኝተው ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ በክረምት እስከ ስንት ሰዓት ያበራል? ተበላሽቶ ያውቃል? ሲበላሽስ በስንት ቀን መጣ? የወሎ ሰው በቡና ላይ እውነቱን አይደብቅም።

ዕቃውን በሜትርና በሚዛን

በፓነል ጀርባ የተለጠፈ ቁጥር ሁሉ እውነት አይደለም። ማጭበርበሩን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያሻም፤ ሜትር ይበቃል። የዛሬ ጥሩ ፓነል በአንድ ካሬ ሜትር 200 ዋት ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ ባለ 400 ዋት የተባለ ፓነል ስፋቱ ወደ 2 ካሬ ሜትር መጠጋት አለበት። ግማሽ ያህሉን ብቻ ሆኖ «400» የተጻፈበት ካዩ ቁጥሩ የተጻፈው ለገዢ ዓይን ነው።

ባትሪንም ብድግ አድርገው ይመዝኑ። ባለ 12 ቮልት 200 አምፔር የአሲድ ባትሪ ከ50 ኪሎ ግራም በላይ ይከብዳል። አንድ ሰው እንደ ዘንቢል አንጠልጥሎ የሚሄድበት ከሆነ ውስጡ የተባለውን ያህል አይደለም።

ኢንቨርተሩ «ፒዩር ሳይን ዌቭ» መሆኑን ያረጋግጡ፤ ሌላው ዓይነት የፍሪጅ ሞተር ያሞቃል፣ ዕድሜውንም ያሳጥራል። ፍሪጅ ሲነሳ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ኃይል ለቅጽበት ስለሚስብ የኢንቨርተሩ አቅም ይህን የሚችል ይሁን። ቻርጅ ተቆጣጣሪው «ኤምፒፒቲ» ቢሆን በደመናማ ቀን ከፓነሉ የተሻለ ኃይል ያወጣል። በከተማ መብራት ላይ እንደ መጠባበቂያ የሚጠቀሙበት ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም አጣምሮ የያዘውን ሃይብሪድ ኢንቨርተር ይጠይቁ።

ሕይወት የሚነካው ክፍል

እስካሁን ያየነው ገንዘብ ነው። ይህኛው ሕይወት ነው። ወጪ ለመቀነስ ሲባል ሁልጊዜ የሚዘለለው ይኸው በመሆኑ ባለሙያውን ፊት ለፊት ይጠይቁት።

አንደኛ፣ የኢንቨርተሩን ኃይል በሁለት በኩል ወንድ ሶኬት ባለው ሽቦ ወደ ግድግዳ ሶኬት የሚሰካ ሰው ቤትዎ እንዳይገባ። መብራት በጠፋ ጊዜ የእርስዎ ኃይል ወደ መንገዱ መስመር ይወጣና ምሰሶ ላይ ያለውን የመብራት ኃይል ሠራተኛ ሊገድል ይችላል። ሁለቱን የሚለይ ቼንጅ ኦቨር ወይም በትክክል የተገጠመ ሃይብሪድ ኢንቨርተር ግዴታ ነው።

ሁለተኛ፣ ከፓነልና ከባትሪ በሚመጣው መስመር ላይ ለዲሲ የተሠራ ብሬከርና ፊውዝ ይኑር። ለቤት መብራት የተሠራው ተራ ብሬከር የዲሲን ብልጭታ በቀላሉ አያቋርጥም፤ እሳት የሚነሳው እዚያ ነው። የባትሪው ሽቦም ወፍራም ይሁን፤ ሲሠራ በእጅ ሲነካ ከሞቀ ቀጥኗል።

ሦስተኛ፣ የመሬት ሽቦ (ኧርዝ)። በወሎ ደጋ ክረምት መብረቅ እንግዳ አይደለም። የፓነሉ ብረትና ኢንቨርተሩ ከመሬት ጋር ይያያዙ፤ የመብረቅ ግፊት መከላከያም ይገጠም።

አራተኛ፣ ባትሪው መኝታ ቤት ወይም ከምድጃ አጠገብ አይቀመጥ። የአሲድ ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ አየር የሚዘዋወርበት፣ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይፈልጋል።

ውሉ በጽሑፍ፣ ክፍያው በደረጃ

ሰውየው የአጎትዎ ልጅ ጓደኛም ቢሆን ይጻፉ። በውሉ ላይ የእያንዳንዱ ዕቃ ስም፣ ሞዴል፣ አቅምና መለያ ቁጥር፣ ሥራው የሚያልቅበት ቀን፣ የፓነሉ፣ የባትሪውና የኢንቨርተሩ ዋስትና በየስማቸው፣ እንዲሁም የገጠማው ሥራ ዋስትና ይስፈር። «ዋስትና አለው» የሚለው ቃል ብቻውን ባዶ ነው፤ ዋስትናውን የሚሰጠው አምራቹ ነው፣ ሱቁ ነው ወይስ ገጣሚው? ሲበላሽ ደሴ ድረስ የሚወስደውስ ማን ነው?

ቀብድ ይስጡ እንጂ ሙሉ ክፍያ አይስጡ። አንድ ክፍል ዕቃው ቤት ገብቶ በውሉ መሠረት ሲረጋገጥ፣ ቀሪው ደግሞ ሶላሩ ጥቂት ሌሊት ሠርቶ ሲታይ ይከፈል። በኪስዎ የቀረው ገንዘብ ከየትኛውም ማኅተም የበለጠ ሰውን ይመልሳል።

ሕጉም ባዶ እጅዎን አልተወዎትም። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ተጠያቂ የሚሆንበትን ሥርዓት አስቀምጧል፤ ገዢ ግን ዕቃውን መርምሮ ጉድለቱን ሳያዘገይ ማሳወቅ አለበት። ስለዚህ ደረሰኝ አይጣሉ፤ ችግር ሲያዩም «እስቲ ትንሽ እንየው» እያሉ ወራት አይቁጠሩ።

በርክክቡ ቀን

ከተማ ሆነው በስልክ የሚያሠሩ ከሆነ የዕቃዎቹን መለያ ቁጥር፣ የሽቦ ሳጥኑን ውስጥና የኧርዙን ቦታ በፎቶ ይቀበሉ። ከዚያ ቤት ያለ ሰው ዋናውን ማብሪያ አጥፍቶ፣ ፍሪጁንም ቴሌቪዥኑንም አብርቶ፣ እስከ ንጋት ምን ያህል ባትሪ እንደቀረ ይመልከት። ቀሪውን ክፍያ ከዚያ በኋላ ይላኩ።

ባለሙያው ከመሄዱ በፊት ደግሞ ቤት ውስጥ የሚውሉትን፣ እናትዎን ወይም ታናሽ ወንድምዎን፣ ያስተምር። የትኛው ቀይ መብራት ምን ማለት ነው? አደጋ ቢመጣ የቱ ይጥፋ? ፓነሉ በበጋ አቧራ ሲለብስ ጠዋት፣ ሳይሞቅ፣ በውሃና በለስላሳ ጨርቅ እንዴት ይጠረጋል? ይህን በአማርኛ ጽፎ ግድግዳ ላይ የለጠፈ ባለሙያ ካገኙ ስልኩን ለጎረቤትም ይስጡ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አበው። ክረምት ሊገባ ሲል መሯሯጥ ከጀመሩ ያገኙትን ሰው ጣሪያ ላይ ያወጣሉ። በጥቅምት ወይም በኅዳር፣ መስኩ ደርቆ መንገዱ ሲመች፣ ሦስቱን ፕሮፎርማ ይዘው ይጀምሩ። ክረምቱ ሲደርስ ያን ጊዜ እናትዎ ስልካቸውን ያነሳሉ።