የውሃ ቢል ሲቆለል፦ ከጎረቤት ከመጣላታችሁ በፊት ቆጣሪውን አንብቡ

የጥር ወር የውሃ ቢል ግቢያችንን ሊያባላው ምንም አልቀረውም ነበር።

የምንኖረው አዲስ አበባ ውስጥ 5 ተከራይ ቤተሰብ ያለበት ግቢ ውስጥ ነው። ቆጣሪው አንድ ነው። ቢሉ በአከራያችን ስም ይመጣል፣ እኛ በሰው ቁጥር ተካፍለን እንከፍላለን። ሁሌም በወር 18 ሜትር ኪዩብ አካባቢ ነበር የምንጠቀመው። በጥር 48 ሆኖ መጣ። ብሩማ ከአራት እጥፍ በላይ ዘለለ።

ወዲያው ጣት የተቀሰረው ጥግ ላይ ያለችው ክፍል ውስጥ በምትኖረው እናት ላይ ነው። ገና የወራት ልጅ አላት፣ በየቀኑ ታጥባለች። "እሷ ናት በቃ" ተባለ። አከራያችንም "ወይ ጨምረሽ ክፈይ፣ ወይ ቤት ፈልጊ" አሏት። አሁን ባለው የቤት ኪራይ፣ ልጅ ታቅፎ ቤት ፍለጋ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አንነግራችሁም።

እኛ ግን አንድ ነገር ከነከነን። እስኪ እናስላው አልን።

1 ሜትር ኪዩብ 1,000 ሊትር ነው። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሰላ 50 ጀሪካን ማለት ነው። ከሌላው ወር የበለጠው 30 ኪዩብ ነው፤ ይህ ደግሞ 1,500 ጀሪካን ይሆናል። ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 50 ጀሪካን! የአንድ ሕፃን ልብስ በቀን 50 ጀሪካን ውሃ ይጨርሳል? ኧረ በፍጹም።

ታዲያ ውሃው የት ሄደ? እሱን ስንፈልግ የተማርነውን ነው ዛሬ የምናካፍላችሁ። ቢል ያስደነገጠው ሁሉ በዚሁ ቅደም ተከተል ቢሄድ ይጠቀማል።

1. መጀመሪያ ብሩን ሳይሆን ንባቡን እዩ

አብዛኞቻችን በስልክ ስንከፍል ጠቅላላ ብሩን አይተን፣ ተሳድበን፣ ከፍለን እናልፋለን። ዋናው ነገር ግን ብሩ አይደለም። ቢል ማለት የሁለት ቁጥሮች ልዩነት ነው፤ ያለፈው ንባብ እና የአሁኑ ንባብ። የአሁኑ 1,348 ከሆነና ያለፈው 1,300 ከሆነ፣ ፍጆታችሁ 48 ኪዩብ ነው።

ስለዚህ ቢሉን ይዛችሁ ቆጣሪው ጋ ሂዱ። ክዳኑን ክፈቱ፣ መስታወቱን ጥረጉ። በብዙዎቹ ቆጣሪዎች ላይ ጥቁሮቹ ቁጥሮች ሙሉ ሜትር ኪዩብ ናቸው። ቀዮቹ ደግሞ ከአንድ ኪዩብ በታች ያለውን ያሳያሉ። ለቢል የሚያስፈልገው ጥቁሩ ነው።

አሁን አወዳድሩ፦

ቆጣሪው ላይ ያለው ቁጥር ቢሉ ላይ ካለው "የአሁኑ ንባብ" ያነሰ ከሆነ፣ በስህተት ተነቧል ወይም በግምት ተሞልቷል። ቆጣሪ በተለመደው ሁኔታ ወደኋላ አይቆጥርም። ፎቶ አንሱና አቤት በሉ፣ እውነቱ ከእናንተ ጋር ነው።

ቁጥሩ እኩል ከሆነ ወይም ትንሽ ከበለጠ ንባቡ ትክክል ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፣ ወደ ቀጣዩ ሂዱ።

እግረ መንገዳችሁን ሦስት ነገር አረጋግጡ። የቆጣሪው መለያ ቁጥር ቢሉ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው? ደንበኝነቱ የመኖሪያ ነው ወይስ የንግድ ተብሎ ተመዝግቧል? ውዝፍ አለ? በተለይ አዲስ ቤት የገባችሁ፣ ከእናንተ በፊት የነበረው ሰው ዕዳ ተደርቦባችሁ ሊሆን ይችላል።

የእኛ ግቢ ንባብ ትክክል ነበር። 48ቱ ኪዩብ በእርግጥም በቆጣሪው አልፏል።

2. ውሃው ሲጨምር ብሩ ለምን በብዙ እጥፍ ይጨምራል?

"እሺ ውሃው ጨመረ፣ ግን ብሩ ይህን ያህል?" ለሚለው መልሱ ታሪፉ ነው። የአዲስ አበባ የውሃ ታሪፍ በደረጃ የተከፋፈለ ነው። ትንሽ የተጠቀመ ለአንድ ኪዩብ ትንሽ ይከፍላል፣ ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪዩብ ዋጋም ከፍ ይላል።

ለማስረዳት እንዲመች ቁጥሩን ራሳችን እንፍጠር (ትክክለኛው ታሪፍ ይህ አይደለም)። የመጀመሪያው 10 ኪዩብ እያንዳንዱ 10 ብር፣ ቀጣዩ 20 ኪዩብ እያንዳንዱ 20 ብር፣ ከ30 በላይ ያለው እያንዳንዱ 40 ብር ነው እንበል።

18 ኪዩብ የተጠቀመ 260 ብር ይከፍላል። 48 የተጠቀመ ግን 1,220 ብር። ውሃው ሦስት እጥፍ እንኳን አልሞላም፣ ብሩ ግን ከአራት እጥፍ ተኩል በላይ ሆነ።

በዚህ ላይ ታክስ አለ። የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1341/2016 ከወጣ በኋላ፣ ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነ የውሃ ፍጆታ 15 በመቶ ታክስ ይታሰብበታል። ይህም ቢሉ ከፍ ሲል ይበልጥ እንዲያብጥ ያደርገዋል።

እዚህ ጋ ተከራዮች አንድ ነገር ልብ በሉ። በአንድ ቆጣሪ 5 ቤተሰብ ሲጠቀም ታሪፉ የሚያየው እንደ አንድ ትልቅ ተጠቃሚ ነው። በምሳሌያችን እያንዳንዱ ቤተሰብ 8 ኪዩብ ቢጠቀምና የየራሱ ቆጣሪ ቢኖረው 80 ብር ነበር የሚከፍለው፤ አምስቱ በድምሩ 400። በአንድ ቆጣሪ ግን 40 ኪዩብ ስለሚሆን 900 ብር ይመጣል። ማንም ውሃ አላባከነም። ግን ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚኖረው ተከራይ፣ በግሉ ቆጣሪ ካለው ሰው ይልቅ ለአንድ ኪዩብ ውድ ይከፍላል። ለአከራያችሁ የየራስ ቆጣሪ ለማስገባት ጥያቄ ስታቀርቡ ይህን ስሌት አሳዩ።

3. የሌሊቱ ሙከራ

ንባቡ ትክክል ከሆነ ቀጣዩ ተጠርጣሪ የሚያፈስ ነገር ነው። ይህን ለማወቅ መጀመሪያ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም፣ ስልካችሁ ይበቃል።

ውሃ ያለበትን ሌሊት ምረጡ። ሁሉም ተጠቅሞ ሲጨርስ ቧንቧዎቹን ሁሉ ዝጉ፣ ሮቶው መሙላቱን አረጋግጡ። የቆጣሪውን ፎቶ ቀዮቹን ቁጥሮች ጨምሮ አንሱ። ሊነጋ ሲል ማንም ቧንቧ ሳይከፍት ድጋሚ አንሱ። ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ ጥሩ ነው። ከተንቀሳቀሰ የሆነ ቦታ ውሃ እየሄደ ነው።

እኛ ማታ 4 ሰዓት ላይ አነሳን። ንጋት 11 ሰዓት ላይ ስናየው ወደ 290 ሊትር ቆጥሯል። በ7 ሰዓት ውስጥ፣ ሁላችንም ተኝተን! በቀን ሲታሰብ 1,000 ሊትር ገደማ ይሆናል። ማለትም ያ የጠፋው 50 ጀሪካን።

ሮቶ ያላችሁ ሌላም ሙከራ ጨምሩ። ወደ ሮቶው የሚገባውን መዝጊያ ዝጉና የውሃውን ከፍታ ምልክት አድርጉ። ጠዋት ከወረደ የሚያፈሰው ከሮቶው በኋላ ባለው መስመር ላይ ነው። ካልወረደ ከቆጣሪው እስከ ሮቶው ያለውን ፈትሹ።

ፈረቃም ከዚህ አያድንም። ውሃ በማይኖርበት ቀንም ሮቶው ማፍሰሱን ይቀጥላል፣ ውሃ ሲመጣ ደግሞ የፈሰሰውን ይሞላል። ቆጣሪውም ይቆጥራል።

4. ሌባው የሚደበቅባቸው ቦታዎች

የሽንት ቤት የውሃ ሳጥን። ቁጥር አንድ ተጠርጣሪ እሱ ነው። ከሥሩ ያለው ጎማ ሲያረጅ ውሃው ድምፅ ሳያሰማ ወደ መቀመጫው ይወርዳል። ወለሉ ስለማይረጥብ ማንም አያይም። ሙከራው ቀላል ነው፤ የቀዘቀዘ ጥቁር ቡና ሳጥኑ ውስጥ ጨምሩ፣ ግማሽ ሰዓት ሳትለቁት ጠብቁ። ቀለሙ መቀመጫው ውስጥ ከታየ ያፈሳል።

የሮቶው ተንሳፋፊ ኳስ። ሮቶው ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው እሱ ነው። ከተበላሸ ሮቶው ሞልቶ ይፈሳል። ብዙ ሰፈር ውሃ የሚመጣው ሌሊት ስለሆነ እናንተ ተኝታችሁ ጣራው ላይ ዝናብ ይዘንባል። ጠዋት ግድግዳው ላይ የውሃ መንገድ ካያችሁ ወደ ላይ ውጡ።

መሬት ውስጥ ያለ ቧንቧ። በበጋ አንድ ቦታ ብቻ ሣሩ አረንጓዴ ከሆነ፣ ወይም አፈሩ ሁልጊዜ እርጥብ ከሆነ እዚያ ቆፍሩ። ከቆጣሪው በኋላ ያለው መስመር የደንበኛው ኃላፊነት ነው። ከቆጣሪው በፊት የሚፈሰው ግን እናንተ ላይ አይቆጥርም፣ ግን አሳውቁ።

የምትንጠባጠብ ቧንቧ። አትናቋት። ከሥሯ ብርጭቆ አስቀምጡና ሰዓት ያዙ። በደቂቃ ግማሽ ሊትር የምታፈስ ከሆነ በቀን 720 ሊትር፣ በወር ከ21 ኪዩብ በላይ ነው።

"አየር ነው የሚቆጥረው" የሚል ነገርም ትሰማላችሁ። ሐሰት አይደለም። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ በቧንቧው ውስጥ ያለው አየር እየተገፋ ቆጣሪውን ሊያዞረው ይችላል። ቧንቧው እየተንፋፋ ውሃ ሳይወጣ ቆጣሪው ሲሽከረከር ካያችሁ በቪዲዮ ቅረጹት፣ ለአቤቱታ ይጠቅማችኋል። ግን የሌሊቱን ሙከራ ሳትሠሩ ሁሉንም በአየር አታሳብቡ።

እኛ ግቢ ቡናውን የጋራ ሽንት ቤታችን ሳጥን ውስጥ ጨመርን። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም፣ መቀመጫው ጠቆረ።

5. ምንም የሚያፈስ ነገር ካልተገኘ

ምናልባት ቢሉ የአንድ ወር ብቻ ላይሆን ይችላል። አንባቢው መጥቶ በር ከተዘጋበትና ቆጣሪው ካልተነበበ ቢሉ በግምት ሊወጣ ይችላል። በኋላ በትክክል ሲነበብ የቀረው ሁሉ አንድ ወር ላይ ይቆለላል።

በምሳሌ ታሪፋችን እንየው። በየወሩ 20 ኪዩብ የተጠቀመ ሰው በሦስት ወር 900 ብር ይከፍላል። ግን ሁለቱ ወር በግምት 10፣ 10 ተብሎ ሦስተኛው ላይ 40 ቢመጣ 1,100 ብር ይሆናል። ውሃው ያው ነው፣ 200 ብሩን ያመጣው የተዘጋ በር ነው። እንዲህ ከሆነባችሁ ፍጆታው ለየወሩ ተከፋፍሎ እንዲሰላላችሁ ጠይቁ።

6. አቤቱታ እንዴት ይቀርባል?

ደንበኛ የሆናችሁበት ቅርንጫፍ ሂዱ። የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን 906 የስልክ መስመርም አለው። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። የአሁኑንና ያለፉትን ቢሎች፣ ቀኑ የሚታይበት የቆጣሪ ፎቶ፣ ካለም የሌሊቱን ሙከራ ፎቶዎች ያዙ። ተከራይ ከሆናችሁ ውሉ በአከራያችሁ ስም ስለሆነ አብረው ቢሄዱ ይሻላል።

አቤቱታችሁን በጽሑፍ አስገቡ፣ የገባበትን ቀንና የተቀባዩን ፊርማ በቅጂው ላይ አስደርጉ። ቆጣሪው ራሱ ተበላሽቷል ብላችሁ ካመናችሁ እንዲፈተሽ ጠይቁ። ቢሉ ትክክል ሆኖ በአንዴ መክፈል ካቃታችሁም በየወሩ ከፋፍላችሁ መክፈል ትችሉ እንደሆነ ጠይቁ። ዝም ብሎ ማሳደር ግን ውዝፍ ያመጣል፣ መጨረሻው መቆረጥ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በፍጹም አታድርጉ፤ ቆጣሪውን ራሳችሁ አትነካኩ። ማኅተሙ ከተሰበረ እውነት ብትይዙም ጥፋተኛ ትሆናላችሁ።

የእኛ ግቢ ነገር በምን አለቀ?

የተቀየረው አንዲት ጎማ ናት። ቢሉ ትክክለኛ ስለነበር መክፈል ግድ ሆነ። ግን ሳጥኑ የጋራ ስለሆነ ብልጫውን አከራያችን ግማሹን ቻሉ፣ ግማሹን አምስታችንም ተካፈልን። የካቲት ላይ ንባቡ ወደ 18 ተመለሰ። ጥግ ያለችው እናት አሁንም በየቀኑ ታጥባለች።

"ቤት ፈልጊ" ያሏት አከራያችን በቀጣዩ እሑድ ቡና አፍልተው ጠሯት። እኛም የቤታችንን ቆጣሪ በየወሩ 1ኛ ቀን ፎቶ እያነሳን የግቢው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንለጥፋለን። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ቁጥሩ በድንገት ከዘለለ ቢሉ ሳይመጣ እናውቃለን፣ ማንም ማንንም አይጠረጥርም።

እናንተም ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት የቆጣሪያችሁን ፎቶ አንሱ። ይህን ጽሑፍ ደግሞ ቢል ለሚከፋፈሉት የግቢያችሁ ሰዎች ላኩላቸው።