አሮጌ ክሩዘር ሞተር ሳይክል፦ ከማስዋብ በፊት የሚሠራው ሥራ

አሜሪካ ውስጥ አሮጌ ሞተር ሳይክል የሚሸጥ ሰው ቀድሞ የሚጠራው ቁጥር የተነዳበትን ማይል ነው። «ሃያ አምስት ዓመቱ ነው፤ ግን 9,000 ማይል ብቻ ነው የሄደው፤ ጋራዥ ውስጥ ነው የኖረው» ይላል። ገዢም ይህን ሲሰማ ልቡ ይከጅላል። ይህ ቁጥር ግን ብዙ ሰው አሳስቷል። የሞተር ብረት የሚያልቀው በመንገድ ነው፤ ጎማው፣ ላስቲኩ፣ የፍሬን ዘይቱ፣ ቤንዚኑና የሽቦው መገጣጠሚያ ግን ቆመውም ያረጃሉ። በየሳምንቱ እየተነዳ 40,000 ማይል የሞላው ሞተር፣ ሸራ ለብሶ ዐሥር ዓመት ከቆመው የተሻለ ጤና ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ አሮጌ ክሩዘር ገዝቶ መልኩን ለመቀየር ያሰበ ሰው ገንዘቡንና ጉልበቱን አስቀድሞ ማዋል ያለበት መቆም የጎዳው ነገር ላይ ነው። ማሳመሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ክሩዘር የሚባለው መቀመጫው ዝቅ ያለ፣ መሪው ሰፊ፣ ነጂው ቀና ብሎ ተዝናንቶ የሚቀመጥበት፣ ከፍጥነት ይልቅ ለረጅም ጉዞ የታሰበ ሞተር ሳይክል ነው። አገራችን መንገድ ላይ ከሚበዙት ቀላል ሞተሮች ጋር ሲመዘን ከእጥፍ በላይ ይከብዳል። እዚህ ምሳሌ የማደርገው የሃርሊ-ዴቪድሰንን ስፖርትስተር፣ በተለይም እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 2003 የተመረተውን ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ስፖርትስተር ገበያ ላይ የወጣው በ1957 ነው። በ1986 የቀድሞው የብረት ሞተር ቀርቶ ሲሊንደሩም የሲሊንደር ክዳኑም አሉሚኒየም የሆነ አዲስ ሞተር ተተካለት። የቫልቭ ክፍተቱን በዘይት ግፊት ራሱ ስለሚያስተካክል ባለቤቱ በየጊዜው ከፍቶ መለካት አይጠበቅበትም። በ1991 አምስት ማርሽ ተሰጠው፤ በ1993 ደግሞ የኋላ ጎማውን የሚያዞረው ሰንሰለት በሁሉም ሞዴሎች ላይ በቺንጋ ተተካ። መለዋወጫው ዛሬም እንደ ልብ ይገኛል፤ አሠራሩም በመጠነኛ መሣሪያ ቤት ውስጥ የሚፈታ ነው።

አንድ ጠባዩን ግን ማወቅ ያስፈልጋል። ሁለቱ ሲሊንደሮች በ45 ዲግሪ ተራርቀው የቆሙ ሲሆን ፒስተኖቻቸው የታሰሩት በአንድ የክራንክ ፒን ላይ ነው። በዚህ የተነሳ ፍንዳታዎቹ እኩል አይራራቁም፤ አንዱ ከሌላው 315 ዲግሪ፣ ቀጥሎ ደግሞ 405 ዲግሪ ቆይቶ ይመጣል። ያ ሰዎች የሚወዱት የተንገዳገደ ድምፅ ከዚህ ይወለዳል። ንዝረቱም እንዲሁ። እስከ 2003 ድረስ ሞተሩ ያለ ምንም ላስቲክ በቀጥታ ከሻንሲው ጋር ታስሮ ስለነበር ብሎንና ዳዶ መላላቱ የተለመደ ነው። የገዙ ዕለት ከፊት እስከ ኋላ እያንዳንዱን ብሎን መፈተሽ ብዙ ችግር ያስቀራል።

ከጎማው እንጀምር። በጎማው ጎን ላይ አራት አኃዝ ተጽፏል፤ 2314 የሚል ከሆነ በ2014 23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ዐሥር ዓመት ያለፈው ጎማ ላስቲኩ ደርቋል፤ በተለይ እርጥብ አስፋልት ላይ መንገዱን አይዝም። ሳያመነቱ ይቀይሩት። ጎማው ከወረደ አይቀር ኩሽኔታውን በጣት አዙሮ ማየት ነው፤ ከሻከረ ወይም ከተንቀጫቀጨ ጊዜው አልፎበታል።

ፍሬን ላይ ሲደርሱ የዘይት መያዣው ክዳን ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። በዚያ ዘመን የነበሩት ስፖርትስተሮች የሚጠቀሙት ዶት 5 የሚባለውን ከሲሊኮን የተሠራ ዘይት ነው፤ ብዙዎቹ ሌሎች ሞተር ሳይክሎችና መኪናዎች ደግሞ ዶት 4። ቁጥራቸው ስለሚቀራረብ ዘመድ ይመስላሉ፤ ፈጽሞ መደባለቅ የለባቸውም። ከዚያ በፊት ባለቤት የነበረው ሰው ምን እንደጨመረ ስለማይታወቅ አሮጌውን ሙሉ በሙሉ አስወጥቶ፣ ውስጡን አጽድቶ፣ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ዓይነት ብቻ መሙላት ይሻላል። የላስቲክ ቱቦው ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ሊያብጥ ይችላል። ሥራው ሲያልቅ ከመነሳትዎ በፊት የፍሬን እጀታውን ደጋግመው ይጨብጡ፤ የመጀመሪያዎቹ ጭብጦች ፒስተኑን ወደ ዲስኩ ከማቅረብ አልፈው ስለማያቆሙ፣ ይህን ረስቶ የወጣ ሰው መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ፍሬን የለውም።

አሁን ወደ ቤንዚኑ። አሜሪካ ውስጥ በብዛት የሚሸጠው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለበት፤ ኤታኖል እርጥበት ይስባል፣ ሲቆይም ነዳጁ ወደ ሙጫነት ይቀየራል። የሚደፈነው የካርቡራቶሩ ጂግለር ነው፣ ከሁሉም በላይ በሚኒሞ ጊዜ ነዳጅ የሚያሳልፈው ትንሹ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የማይነሳ፣ ሲነሳም የነዳጅ እጀታ ካልተያዘለት የሚጠፋ ከሆነ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። ካርቡራቶሩን አውርዶ በማጽጃ ማጠብና በአየር መንፋት ነው እንጂ ቀዳዳውን በሽቦ መጎርጎር አያስፈልግም፤ ሽቦ ቀዳዳውን ያሰፋና መለኪያውን ያበላሻል። ከ1988 ጀምሮ ስፖርትስተር ላይ የተገጠመው የኬይሂን ካርቡራቶር ከላይ በኩል ስስ የላስቲክ ሽፋን አለው። ያንን አውጥተው ወደ ብርሃን ያንሱት፤ እንደ መርፌ ቀዳዳ የምታክል ብርሃን እንኳ ከታየች ሞተሩ ጉልበት የሚያጣበት ምክንያት ተገኝቷል።

ካርቡራቶሩ ንጹሕ ሆኖም ሞተሩ የሚያስነጥስና በማርሚታው የሚተኩስ ከሆነ ካርቡራቶሩ ከሲሊንደሮቹ ጋር የሚገናኝበትን ቧንቧ ላስቲክ ይመርምሩ። ላስቲኩ በሙቀት ደርቆ ሲሰነጠቅ ያልተለካ አየር ይገባል፤ ድብልቁ ይሳሳል፤ ሞተሩም ይግላል። ምርመራው ቀላል ነው፤ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ሳለ መገጣጠሚያው ላይ ውኃ በመርጫ ይረጫል፤ አዟዟሩ ከተለወጠ ቀዳዳው እዚያው ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ካርቡራቶር ይቀይራል። አዲስ ካርቡራቶር የሚያወጣው ገንዘብ ከሁለት ትንንሽ ላስቲኮች ጋር የሚወዳደር አይደለም።

የዘይቱ ነገር ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ አዲስ ባለቤቶች በተደጋጋሚ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነውና። ስፖርትስተር የሞተር ዘይቱን፣ ወደ 2.8 ሊትር ገደማ፣ የሚያስቀምጠው ከሞተሩ ሆድ ውጭ በተለየ ጋን ውስጥ ነው። አንድ ፓምፕ ከጋኑ ወደ ሞተሩ ይገፋል፤ መልሶ ወደ ጋኑም ይመልሳል። ሞተሩ ለወራት ሲቆም ዘይቱ በፓምፑ በኩል ቀስ እያለ ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል። ባለቤቱ የዘይት መለኪያውን አውጥቶ ሲያይ ባዶ ነው፤ ዘይት ጎደለ ብሎ ይጨምራል። ሞተሩ ሲነሳ የወረደው ተመልሶ ይመጣል፤ ጋኑ ከልክ በላይ ይሞላል፤ ትርፉ በመተንፈሻው በኩል ወጥቶ የአየር ማጣሪያውንና የነጂውን እግር ያርሳል። ያኔ ሰውየው ሞተሩ ያለቀለት ይመስለዋል። ምንም አልሆነም፤ ዘይት የሚለካው ሞተሩ ተነድቶ ከሞቀ በኋላ መሆኑን አለማወቅ ነው። ከቫልቭ ሽፋኑ ሥር የሚታየው የዘይት ላብም በእነዚህ ሞተሮች ላይ የታወቀ ነው፤ ጓርኒሲዮኑ ሲቀየር ይቆማል።

ፍሪሲዮኑና ማርሹ ሌላ ዘይት ነው የሚጋሩት፣ አንድ ሊትር ያህል። ከ1991 በኋላ በመጡት ላይ ፍሪሲዮኑ ውስጥ በሪቬት የተያያዘ ባለሞላ ሰሌዳ አለ። ሪቬቶቹ ሲያረጁ ይበጠሳሉ፤ ስብርባሪውም በክፍሉ ውስጥ እየዞረ ሌላውን ይቆርጣል። ዘይቱን ሲያፈሱ የማፍሰሻውን ብሎን ማግኔት ይመልከቱት። እንደ ጥቀርሻ የለሰለሰ ደቃቅ ብረት የተለመደ ነው፤ የሚታይ ቁራጭ ካገኙ ግን ሳይነዱ ይክፈቱት። ያንን ሰሌዳ አውጥቶ በተራ ሰሌዳዎች መተካት ከማናቸውም ጌጥ በፊት የሚመጣ ማሻሻያ ነው።

ኤሌክትሪኩን ለመመርመር አንድ ርካሽ ቮልቴጅ መለኪያ ይበቃል። የተሞላ ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ያሳያል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ገደማ ሲዞር 14 አካባቢ መድረስ አለበት። ከ13 ካላለፈ ዲናሞው ወይም ተቆጣጣሪው አይሞላም፤ ከ15 ከበለጠ ባትሪውን እያቃጠለው ነው። ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ግን ከባትሪው ወደ ሻንሲው የሚሄደውን የኔጋቲቭ ሽቦ ፈተው ዝገቱን ይፈግፍጉ። ግማሹ «የኤሌክትሪክ ችግር» እዚያ ላይ ያልቃል።

ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ ነው መልኩን የመቀየሩ ደስታ የሚመጣው፤ ደስታም ነው። አሮጌ ሞተርን ቆርጦና ቀጥሎ አዲስ ፍጥረት ማድረግ በአሜሪካ ረጅም ታሪክ አለው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወጣቶች ክብደት ለመቀነስ የፊት ፓራፋንጎውን እየጣሉ፣ የኋላውን እያሳጠሩ ይነዱ ነበር። በ1969 በወጣው «ኢዚ ራይደር» ፊልም ላይ ፒተር ፎንዳ የነዳው ረጅም ሹካ ያለው፣ በአሜሪካ ባንዲራ የተቀባ ሞተር ሳይክል መነሻው ከአገልግሎት የወጣ የፖሊስ ሃርሊ ነው። የነደፉትና የገነቡት ክሊፎርድ ቮዝና ቤን ሃርዲ የተባሉ ሁለት ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ፊልሙ ላይ ስማቸው አልተጻፈም፤ ለብዙ ዓመታትም የሚያውቃቸው ጥቂት ነበር። በዓለም ላይ ከታወቁት ሞተር ሳይክሎች ሁሉ ግንባር ቀደም የሆነው ከአሮጌ ዕቃ የተሠራ መሆኑ፣ ሠሪዎቹም ተሸፍነው መቆየታቸው፣ በየጊዜው ሊነገር ይገባዋል።

አብዛኛው ሰው የሚጀምረው በማርሚታ ነው። ማርሚታና የአየር ማጣሪያ ሲቀየሩ ሞተሩ የሚያስገባውና የሚያስወጣው አየር ይጨምራል፤ ካርቡራቶሩ ግን የሚሰጠው የቤንዚን መጠን አልተቀየረም። ድብልቁ ይሳሳል፤ ሞተሩ ይግላል፤ ቧንቧው ወደ ሰማያዊነት ይለወጣል፤ ነጂው ነዳጅ ሲለቅ ይተኩሳል። ስለዚህ ሦስቱ አብረው የሚታሰቡ ናቸው፤ ማርሚታ የቀየረ ሰው ጂግለሩንም ከፍ ወዳለ ቁጥር መቀየር ይኖርበታል። ካንዴላውን አውጥቶ ቀለሙን ማየት ይረዳል፤ ነጭ ከሆነ ነዳጅ አንሶታል፤ ጥቁርና ጥላሸታም ከሆነ በዝቶበታል። ድምፁን በተመለከተ፣ የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ ከ1986 ሞዴል ጀምሮ ለመንገድ ሞተር ሳይክል ያስቀመጠው ጣሪያ 80 ዴሲቤል ነው። ጎረቤትን ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ባዶ ቧንቧ ጉልበት አይጨምርም፤ ብዙ ጊዜ በዝቅተኛ ዙር ላይ ያለውን ጉልበት ይቀንሳል።

መሪውን ከፍ ማድረግ ሌላው ተወዳጅ ለውጥ ነው። የሚረሳው የፍሪሲዮኑ ገመድ፣ የነዳጁ ገመድ፣ የፍሬኑ ቱቦና ሽቦው ሁሉ አብረው መርዘም እንዳለባቸው ነው። የተወጠረ ገመድ መሪው ሲታጠፍ ነዳጅ በራሱ ይስባል፤ ይህ ሰው ይገድላል። ከፍታውንም ብዙ ግዛቶች በሕግ ስለሚወስኑት አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። የኋላ አሞርዛቶሩን አሳጥሮ ሞተሩን ማውረድ ግን፣ ቁመቱ ካላስገደደው በቀር፣ ለማንም አልመክርም። ሲታጠፍ ብረቱ አስፋልት ይነካል፤ ጉድጓድ ሲያገኝም ድንጋጤውን የሚቀበለው ወገብ ነው። ያን ገንዘብ ለጥሩ አሞርዛቶር ያዋለ ሰው ልዩነቱን በመጀመሪያው ጉዞ ያውቀዋል።

የ883 ሲ.ሲ.ውን ስፖርትስተር ወደ 1200 ሲ.ሲ. ማሳደግ የዚህ ሞተር የተለየ ዕድል ነው። የሁለቱም ፒስተን የሚመላለስበት ርዝመት አንድ ነው፣ 96.8 ሚሊ ሜትር። የሚለያዩት በሲሊንደሩ ስፋት ነው፤ ከ76.2 ወደ 88.9 ሚሊ ሜትር። ታችኛው አካል ሳይፈታ ሲሊንደሩንና ፒስተኑን በመቀየር ሥራው ያልቃል። ጥንቃቄ የሚሻው የፒስተኑ ምርጫ ነው። የ883ን ክዳን እንዳለ የሚጠቀም ሰው አናቱ ጎድጎድ ያለ ፒስተን ካልመረጠ እመቃው ከልክ በላይ ይጨምርና ሞተሩ ያንኳኳል። ዙሩ ከአዲሱ ጉልበት ጋር እንዲመጣጠንም የቺንጋው ጥርስ መጠን አብሮ ይታሰባል።

ሻንሲ መቁረጥና መበየድ የባለሙያ ሥራ ነው። ሌላ ሰው ቆርጦ የበየደውን ሲገዙም ቀለም በቅርቡ የተቀባበትን ቦታ በትኩረት ይዩ፤ አዲስ ቀለም ደካማ ብየዳ ይሸፍናል። መቀመጫውን አንስተው ሽቦውን ይመልከቱ፤ በፕላስተር የተጠቀለለ መገጣጠሚያ በበዛበት ቦታ ሁሉ የሚጠብቅዎ ሥራ አለ። የወጡት የፋብሪካ ዕቃዎች ካሉም አብረው ይጠይቁ፤ የመንግሥት ምርመራ ሲመጣ ወይም ሞተሩ ሲሸጥ ዋጋቸው ከፍ ይላል። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ደግሞ መሪው የሚዞርበት የሻንሲ አንገት ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ከባለቤትነት ወረቀቱ፣ እንዲሁም ከሞተሩ ቁጥር ጋር ያመሳክሩ። ካልተመሳከረ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ አይግዙት።