ኪችን ያለው ሁድ ጭሱን የት ነው የሚወስደው?



ሁድ ስንገዛ አብዛኞቻችን የምናየው መልኩንና ዋጋውን ነው። ለጤናችን ግን ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፦ የሳበውን ጭስ ውጭ ያወጣዋል ወይስ መልሶ ቤት ውስጥ ይለቀዋል?

ቱቦ የሌለው ሁድ ምን ይሠራል?

አየሩን በፊልተር አሳልፎ መልሶ ኪችን ውስጥ ይለቀዋል። የብረቱ ፊልተር ቅባት ይይዛል፣ የካርቦኑ ደግሞ ሽታ ይቀንሳል። እንፋሎቱና ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ ግን እዚያው ይቀራሉ። ሽታው ስለጠፋ ብቻ አየሩ ጸድቷል ማለት አይደለም።

ጉዳቱ ምንድነው?

ሽንኩርት ስናቁላላ፣ ዘይት ሲግል የሚወጣው ጭስ ሳንባ ውስጥ ጠልቀው የሚገቡ ደቃቅ ብናኞች አሉት። የጋዝ ምድጃም መተንፈሻ አካልን የሚያስቆጣ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። በተለይ አስም ያለባቸው ሰዎችና ሕፃናት ይጎዳሉ።

«ሁድ ስላለ ከሰል ብናቀጣጥልስ?»

በፍጹም! ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ቢጠፋም ካርቦን ሞኖክሳይድ ማውጣቱን አያቆምም። ሽታም ቀለምም የለውም። ደማችን ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በረታ ጉልበት ይጣበቃል። ቤት ውስጥ ያላችሁት ሰዎች አንድ ላይ ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከጀመራችሁ ወዲያው ሁላችሁም ውጡና ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ሁድ ስታስገጥሙ ባለሙያውን እነዚህን ጠይቁት

1. የቱቦው ጫፍ ከቤት ውጭ ይውጣ። ኮርኒስ ውስጥ ከቀረ ቅባትና እርጥበት ያጠራቅማል። ወደ ጎረቤት መስኮትም አይዙር።

2. አጭርና ቀጥ ያለ ይሁን። መታጠፊያ በበዛ ቁጥር ሁዱ ይደክማል።

3. ስፋቱ ከሁዱ መውጫ አይጥበብ። መውጫው 15 ሳ.ሜ ከሆነ ቱቦውም 15 ይሁን።

4. ለስላሳ የብረት ቱቦ ከሚተጣጠፈው ይሻላል። እጥፋቱ ውስጥ የሚጠራቀም ቅባት አየር ይዘጋል፣ እሳትም ሊይዝ ይችላል።

5. ውጪኛው ጫፍ ላይ ወደ ውጭ ብቻ የሚከፈት ክዳን ይኑረው።

ሁዱ ሲሠራ መስኮት ገርበብ አድርጉ፤ አየር ካልገባ ጭሱም በደንብ አይወጣም። ቤት ውስጥ በጋዝ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ ካለ ደግሞ የእሱንም ጭስ ወደ ቤት መልሶ ሊስብ ይችላል።

እንዴት ላረጋግጥ?

ሁዱን አብሩና ፊልተሩ ላይ ሶፍት አስጠጉ። ከያዘው እየሳበ ነው። ግን በዚህ አትርኩ፤ ውጭ ወጥታችሁ ከቱቦው ጫፍ አየር መውጣቱን እዩ። የብረቱን ፊልተርም ቢያንስ በወር አንዴ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡ።

ተከራይ ሆናችሁ ግድግዳ መብሳት ካልተፈቀደላችሁ መስኮትና በር ከፍታችሁ አብስሉ፤ ከሰሉን ደግሞ ውጭ፣ ክፍት ቦታ ላይ ብቻ።

ለወዳጆቻችሁ ሼር አድርጉ።