ነካሽ ኤሊ ለምን ይነክሳል

ስናፒንግ ተርትል የሚባለው ነካሽ ኤሊ ሲነሳ ወሬው ከአፉ ይጀምርና እዚያው ያልቃል። ጣት ይቆርጣል፣ ቁጡ ነው፣ ሰው ያሳድዳል ይባላል። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ልጆቻቸውን ኩሬ ዳር የሚያንሸራሽሩ ወገኖቼም ይህንኑ ይደግሙታል። እኔ ግን በዚህ በአሜሪካ የዚህን ነካሽ ኤሊ ያህል ያለ ጥፋቱ የሚታማ እንስሳ አላውቅም።

ከደቡብ ካናዳ እስከ ፍሎሪዳ፣ በምዕራብ እስከ ሮኪ ተራሮች ባሉ ኩሬዎች፣ ረግረጎችና ቀስ ብለው በሚፈስሱ ወንዞች ይኖራል። የአዋቂው የጀርባ ቅርፊት ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 36 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ክብደቱ ከ5 እስከ 16 ኪሎ ይደርሳል፣ ከዚያ የሚበልጥም አለ። ዓሣ፣ እንቁራሪት፣ የሞተ እንስሳ ይበላል፤ የውሃ ተክልም እጅግ ይወዳል። ጥርስ የለውም፤ ያለው ስለታም መንጋጋ ነው።

የጠባዩ ምስጢር ያለው ግን ሆዱ ላይ ነው። የአብዛኞቹ ኤሊዎች የጀርባና የሆድ ቅርፊት ተገጣጥሞ ገላቸውን ይሸፍናል። እዚያው አካባቢ ጫካ ውስጥ የሚኖረው ቦክስ ተርትል እንዲያውም የሆድ ቅርፊቱ ማጠፊያ አለው፤ ቀበሮ ሲመጣበት ጥርቅም አድርጎ ይዘጋና ጠላቱ ሰልችቶት እስኪሄድ ይጠብቃል። እንዲህ ያለ እንስሳ መናከስ ምን ያደርግለታል? የነካሽ ኤሊ የሆድ ቅርፊት ግን መስቀል ቅርጽ ያላት ጠባብ ነገር ናት። ልጅ ሳለ የተገዛለትን ሰደርያ ዛሬም የለበሰ ጎልማሳ ይመስላል፤ ጭኑ፣ ብብቱ፣ አንገቱ ሁሉ ውጭ ነው። ጭንቅላቱም ትልቅ ስለሆነ ልደበቅ ቢል መግቢያ የለውም።

በምትኩ ያገኘው ነገር አለ። ወፋፍራም እግሮቹን የሚያግድ ቅርፊት ስለሌለ ኩሬው ወለል ላይ እንደልቡ ይራመዳል። ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ይቆይና አጠገቡ ወደሚያልፈው ዓሣ ረጅም አንገቱን ይወረውራል። ውሃ ውስጥ ሰው ሲቀርበው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይሸሻል፤ የዋናተኛ እግር ፈልጎ አይመጣም። የሚነፋውና የሚወረወረው የብስ ላይ ሲያዝ ነው፤ እዚያ መሸሻ ውሃ የለ፣ መደበቂያ ቅርፊት የለ። የኋላ እግሩን ቀጥ አድርጎ ቂጡን ያነሳል፣ አፉን ይከፍታል፣ ፊቱን ወደ መጣበት ነገር ያዞራል። ሰው ይህን ቁጣ ይለዋል። እኔ ሌላ ምርጫ የሌለው ፍጡር መከላከያ እለዋለሁ።

በግንቦትና በሰኔ መንገድ ዳር የምናገኘው ነካሽ ኤሊ ብዙ ጊዜ እንቁላል የምትጥልበት አፈር ፍለጋ ከውሃ የወጣች እናት ናት። አንዷን ከመኪና ማቆሚያ ጠርዝ፣ ጠጠርና አፈር ከተቀላቀለበት ቦታ ላይ አግኝቻት ራቅ ብዬ ተቀምጬ አየኋት። በኋላ እግሮቿ ተራ በተራ ትቆፍራለች፤ አንዱ አፈር ሲያወጣ ሌላው ይጠብቃል። ጀርባዋ ላይ አረንጓዴ ሽበት በቅሏል፣ አንገቷ ሥር አልቅት ተጣብቋል፤ በዓይኗ ብሌን ዙሪያ ወርቃማና ጥቁር መስመር እንደ ጨረር ይወጣል። ክብ ነጭ እንቁላል ሲወርድ በእግሯ መዳፍ ተቀብላ ወደ ጉድጓዱ ጎን ታስጠጋዋለች። ዘወር ብላ አታየውም።

በዚህ መሀል በእግራቸው የሚንሸራሸሩ አንድ የአገሬ ሰው መጡ። «ቆይ ልጄ፣ መኪና ሳይገጫት በጅራቷ አንጠልጥዬ ኩሬው ውስጥ ልመልሳት» አሉ።

«አይ ጋሼ፣ በጅራቷ አይያዟት፤ አከርካሪዋን ነው የሚጎዱት። ሥራዋን ስትጨርስ ራሷ ትሄዳለች።»

«እንዲህ ትቆፍራለች እንዴ?» ብለው አጠገቤ ቆሙ፤ አፈሩን መልሳ እስክትደፍነው ድረስ አብረን አየናት።

በጅራት ማንሳትን ብዙ ሰው እንደ ብልሃት ይቆጥረዋል፤ እባካችሁ ተዉት። የኤሊ የጀርባ ቅርፊት ከጎድን አጥንቱና ከአከርካሪው ጋር የተዋሃደ ነው፤ ያን ሁሉ ክብደት በጅራት ማንጠልጠል አጥንት ማላቀቅ ነው። ከመንገድ ማንሳት ግድ ከሆነ፣ የመኪና ምንጣፍ ከሥሩ አስገብቶ መጎተት፣ ወይም የቅርፊቱን የኋላ ጠርዝ በሁለት እጅ መያዝ ይቻላል። አንገቱ ወደ ጎኖቹ አጋማሽ ይደርሳልና ጎኑን አትያዙ። የምታሻግሩትም ሲሄድ ወደነበረበት አቅጣጫ ይሁን። ወደመጣበት ከመለሳችሁት መንገዱን ዳግመኛ ያቋርጣል።

የዚህ ጥንቃቄ ምክንያት ዕድገቱ ነው። እናቲቱ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 እንቁላል ትጥላለች፤ ራኩን፣ ስከንክና ቀበሮ አብዛኛውን ቆፍረው ይበሉታል። የተረፈው ጾታ በአፈሩ ሙቀት ይወሰናል፤ መካከለኛው ሙቀት ወንድ፣ በጣም የቀዘቀዘውና በጣም የሞቀው ሴት ያወጣል። የሚፈለፈለው ልጅ ቅርፊቱ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በካናዳ ኦንታሪዮ፣ አልጎንኩዊን ፓርክ ውስጥ ከ1972 ጀምሮ በነካሽ ኤሊዎች ላይ ክትትል ይደረጋል፤ እዚያ ያለች ሴት ለእንቁላል የምትደርሰው ከ15 እስከ 20 ዓመት ከኖረች በኋላ ነው። ጎማ ሥር ያለቀችን አንዲት እናት የሚተካ ልጅ ለማግኘት ብዙ አሥርት ዓመታት ያስፈልጋሉ።

ስለ ዕድገት ካነሳን፣ «ኤሊ ከመስታወት ሳጥኑ በላይ አያድግም» የሚለው ወሬም ውሸት ነው። በጠባብ ሳጥንና በቆሸሸ ውሃ የቀጨጨ ኤሊ ታሟል እንጂ አልተመጠነም። ጆሮው ዘንድ ቀይ መስመር ያለው፣ ሬድ ኢርድ ስላይደር የሚባለው፣ ሲሸጥ መዳፍ ላይ ይቀመጣል፤ ሴቷ አድጋ ግን ከ25 ሴንቲ ሜትር ልታልፍ ትችላለች። አሜሪካ ከ1975 ጀምሮ ቅርፊታቸው ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ኤሊዎችን ለቤት እንስሳነት መሸጥ የከለከለችው ሕፃናት አፋቸው እየከተቷቸው ሳልሞኔላ ስለያዛቸው ነው። ያደገባቸውን ሐይቅ ውስጥ የሚጥሉ ሰዎችም አሉ፤ ይህ ለአገሬው ኤሊዎች መከራ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሬድ ኢርድ ስላይደርን ማስገባት በ1997 አግዷል።

አንድ ማምታቻ ይቀራል። ምላሱ ላይ ያለችውን ትል መሳይ ሥጋ እያወዛወዘ፣ አፉን ከፍቶ ዓሣ የሚያጠምደው አሊጌተር ስናፒንግ ተርትል ሌላ ዝርያ ነው። ጀርባው ላይ ሦስት ረድፍ ጉልህ ጉብታ አለው፤ ወንዱ ከ80 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ መኖሪያው ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚፈስሱት የደቡብ ወንዞች ናቸው። ሜሪላንድ ኩሬ ውስጥ በተፈጥሮ አይገኝም፤ እዚያ ሳር ላይ ያገኛችሁት ተራው ነካሽ ኤሊ ነው።