የዓሣ ኩሬ ውሃ በየት ይውጣ?

የዓሣ ኩሬ የሚቆፍር ገበሬ ብዙ ጊዜ የሚጨነቀው ውሃ ስለ ማስገባት ነው። ቦይ መቅደድን ግን ገበሬ ከኛ ይበልጥ ያውቃል። እኛ እዚህ የምናወራው ስለ መውጫው ነው።

ዓሣም እንደ ሰው አየር ይፈልጋል። አየሩን የሚያገኘው ከውሃው ውስጥ ነው። የዓሣው ኩስና የተረፈው ምግብ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ሲበሰብስም አየሩን ይጨርሳል። ሌሊት ደግሞ ይብሳል። ጎህ ሲቀድ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፈት ዘጋ ሲያደርጉ ካያችሁ ታፍነዋል ማለት ነው። ቶሎ አዲስ ውሃ ልቀቁ።

እንግዲህ መውጣት ያለበት የታችኛው ውሃ ነው። ከላይ ቢፈስ የሚሄደው ንጹሁ ነው፤ ቆሻሻው ይቀራል።

ማንቆርቆሪያን እንመልከት። ከጡቱ አፍ በላይ ውሃ አይሞላም፤ በጡቱ ይፈሳል። ኩሬውም እንደዚሁ ነው። ግድቡ ከመደልደሉ በፊት፣ ኩሬው በሚጠልቅበት በኩል፣ አንድ ቱቦ ከወለሉ እኩል ወደ ውጭ ትንሽ አዘቅዝቆ ይቀበራል። በውስጠኛው ጫፍ ጎሚቶ የሚሉት የታጠፈ መገጣጠሚያ ይገባና ሌላ ቱቦ ይቆምበታል። የቆመው ቱቦ አንድ ሜትር ከሆነ ውሃውም አንድ ሜትር ነው። ማንቆርቆሪያን ዘንበል አድርገን እንቀዳለን፤ ኩሬ ስለማይዘነበል ቱቦውን እናዘነብላለን። ስለዚህ ጎሚቶው መዞር አለበት፤ በማጣበቂያ አታጣብቁት።

ከዚያ በቆመው ቱቦ ላይ ሰፋ ያለ ቱቦ ይጠለቃል። እሱ ከታች ዓሣ በማያሳልፍ ቀዳዳ ይበሳል፤ አናቱ ግን ከውሃው በላይ ብቅ ይላል። የታችኛው ውሃ በቀዳዳዎቹ ገብቶ፣ በሁለቱ ቱቦዎች መሀል ሽቅብ ወጥቶ፣ በትንሹ ቱቦ አፍ ይወርዳል። ከተማ ውስጥ በትልቅ የመስታወት ሣጥን ዓሣ የሚያኖሩ ሰዎችም ይህን የመሰለ ዘዴ አላቸው፤ እነሱ ግን የወጣውን ውሃ አጣርተው በሞተር ይመልሱታል።

አደጋው ያለው ቱቦው ግድቡን በሚያቋርጥበት ላይ ነው። ውሃ በቱቦው ጎን መንገድ ካገኘ አፈሩን እየሸረሸረ ይሄዳል። መጀመሪያ እርጥበት ብቻ ነው የሚታየው። አንድ ቀን ግድቡ ይናድና የዓመት ልፋት በአንድ ሌሊት ወንዝ ይገባል። በኋላ እንጠግነዋለን አይባልም፤ ለመጠገን ግድቡን ማፍረስ ግድ ነውና። በቱቦው ዙሪያ የሸክላ አፈር በስሱ እየተጨመረ ይጠቅጠቅ። ድንጋይ፣ ሣርና ሥር አይግባበት። የክረምቱን ጎርፍ ግን ቱቦው አይችለውም፤ ከኩሬው በላይ በቦይ መልሱት።

ዓሣው ሲደርስ ሰፊውን ቱቦ አውጥታችሁ የቆመውን ቀስ በቀስ አዘንብሉ። ዓሦቹ ወደ ጥልቁ ይሰበሰባሉ። የሚወጣውን ውሃ ወደ ወንዝ አትልቀቁት፤ ጎመንና ሽንኩርት ይወደዋል።